ሥዕሉ ቆሞ ዜማው ሲሮጥ

ትሮምቦን የክንድ መሣሪያ ነው። ትራምፔት ሦስት መርገጫዎች አሉት፤ ሳክስፎን በጣት የሚከደኑና የሚከፈቱ ቀዳዳዎች አሉት፤ የትሮምቦን ተጫዋች ግን ከከንፈሩና ከትንፋሹ ሌላ ያለው እየተሳበ የሚወጣና የሚገባ አንድ የናስ ቱቦ ብቻ ነው። በዚህ ቱቦ ላይ ሰባት ማረፊያዎች አሉ። ምልክት አልተደረገባቸውም፤ ተጫዋቹ በጆሮውና በክንዱ ልማድ ያገኛቸዋል። የመጀመሪያው ማረፊያ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ሲገባ ነው፤ ሰባተኛው ክንድ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ የሚደረስበት ነው። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ በተወረደ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቃና ዝቅ ይላል። ዝግ ላለ ዜማ ይህ ሁሉ ችግር የለውም። ዜማው ሲፈጥን ግን ከአንደኛው ወደ ስድስተኛው፣ ከስድስተኛው ወደ ሁለተኛው መመላለስ ትከሻን የሚያደክም፣ እርግጠኛውን ጆሮ የሚያሳስት ሥራ ይሆናል። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው ለትሮምቦንም የተባለ ይመስላል።

በ1964 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሆይት ከርቲን የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ለእንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያስጨንቅ ኖታ ጻፈ። ጓዱ የታላላቅ የጃዝ ጓዶች ዓይነት ነበር፤ አራት ትራምፔት፣ ስድስት ትሮምቦን፣ ሳክስፎንና የዋሽንት ዘር የሆኑ መሣሪያዎችን እያፈራረቁ የሚነፉ አምስት ሰዎች፣ ከሥራቸውም ድራምና ቤዝ ያሉበት የምት ክፍል። ከርቲን ራሱ የትሮምቦንን ጠባይ ያውቅ ነበርና ቅኝቱን የመረጠው አስቦበት ነው። ድምፆቹ ተጫዋቾች ዘወትር በማይሄዱባቸው፣ ክንድን በሚያስጨንቁ ማረፊያዎች ላይ እንዲወድቁ አደረገ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በስተርጅናው ሲጠየቅ ይህን ያደረገው ሆን ብሎ መሆኑን በደስታ ተናግሯል። ነገሩ የሙያ ባልደረቦች ቀልድ ነበር፤ የተመረጡ ሰዎች ስለሆኑ ይወጡት እንደሆነ ለማየት ነው።

ቀልዱ ግን በዜማው ውስጥ ቀረ። አድማጩ ስለ ማረፊያዎች ምንም ባያውቅም አንድ ነገር ይሰማዋል። ናሱ ይጣደፋል፤ ከአንድ ገደል ጫፍ ወደ ሌላው እንደሚዘል ሰው ሳይወድቅ ለጥቂት ይደርሳል። ስድስት ጎልማሶች አንድን ድምፅ በሰዓቱ ለመድረስ ክንዳቸውን ሲወረውሩ የሚፈጠር ጭንቀት ነው። በቀላል ቅኝት ቢጻፍ ኖሮ ያው ዜማ በኖታ ላይ ያው ነበር፤ አደጋው ግን አይኖርም ነበር። ቴአትር የሚያውቅ ሰው ይህን አያጣውም፤ ከባድ ጆንያ የተሸከመ መስሎ የሚያነክስ ተዋናይና በእርግጥ የተሸከመው ተዋናይ አንድ አይደሉም፤ ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠው ተመልካች እንኳ ልዩነቱን ይለየዋል።

ዜማው የተጻፈው «ጆኒ ክዌስት» ለተባለ ተከታታይ የሥዕል ፊልም ነው። የመጀመሪያው ክፍል በኤ.ቢ.ሲ. የቴሌቪዥን ጣቢያ ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1964 ምሽት ታየ። ያቀረበው የዊሊያም ሃናና የጆሴፍ ባርቤራ ድርጅት ነው፤ የፈጠረው ዳግ ዋይልዲ የተባለ፣ በሥዕላዊ የጀብዱ መጻሕፍት ሙያ ያደገ ሠዓሊ ነው። ታሪኩ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሆነውን ጆኒን፣ ሳይንቲስት አባቱን፣ ሬስ ባነን የተባለውን ጠባቂያቸውን፣ ከካልካታ የመጣውን ሃጂ የተባለ ልጅና ባንዲት የተባለ ቡችላ ይዞ ዓለምን ይዞራል። በአንዱ ሳምንት አንድ ዐይን ያለው ሸረሪት መሳይ ሮቦት ይመጣል፤ በሌላው የማይታይ አውሬ፤ በሌላው ከጥንት ዘመን የተረፈ በራሪ ፍጥረት። ሃያ ስድስት ክፍሎች ተሠርተው በአንድ የቴሌቪዥን ዘመን ብቻ አለቀ። ወጪው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከተለመደው በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በድጋሚ እየታየ በሦስቱም ታላላቅ የአሜሪካ ጣቢያዎች ላይ ለዓመታት ኖረ።

ለሕፃናት ለሚታይ የሥዕል ፊልም ያን የሚያህል የናስ ጓድ ለምን አስፈለገ? መልሱ የሚገኘው ከሥዕሉ ነው፤ ሥዕሉ አይንቀሳቀስማ!

ሃናና ባርቤራ ቀደም ሲል በኤም.ጂ.ኤም. የፊልም ኩባንያ ውስጥ የ«ቶምና ጄሪ» ፈጣሪዎች ነበሩ። በዚያ ቤት ድመቱና አይጡ በእርግጥ ይሮጡ ነበር፤ በሴኮንድ ሃያ አራት ምስሎች ለሚያልፉበት ፊልም ሠዓሊዎች እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ይሥሉ ነበር። የሙዚቃው ደራሲ ስኮት ብራድሊ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ በሙዚቃ ይከተል ነበር። ድመቱ ደረጃ ሲወርድ ዜማው ይወርዳል፤ መጥበሻ ግንባሩን ሲመታው ኦርኬስትራው በዚያችው ቅጽበት ይመታዋል። ሙዚቃው የሥዕሉ ጥላ ነበር። በ1957 ኩባንያው የሥዕል ፊልም ክፍሉን ዘጋው። ሁለቱ ሰዎች በዚያው ዓመት የራሳቸውን ድርጅት አቁመው ወደ ቴሌቪዥን መጡ። ቴሌቪዥን ግን በየሳምንቱ ይራባል፤ የሚከፍለውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሥዕልን መቆጠብ ግድ ሆነ። ሰውየው ሲናገር አካሉ ይቆማል፤ የሚለወጠው አፉ ብቻ ነው። ሲሮጥ ያው የእግር እንቅስቃሴ ይደጋገማል፤ ከኋላው ያው ዛፍ፣ ያው ቋጥኝ ተመልሶ ያልፋል።

አስቂኝ በሆኑት ሥራዎች ይህ ቁጠባ አልጎዳም፤ የድንጋይ ዘመን ሰው እግሩን እያሽከረከረ መኪና ሲነዳ የሥዕሉ ድህነት ራሱ ቀልድ ይሆናል። የዋይልዲ ሥዕል ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ሰዎች ይመስላሉ፤ ጡንቻ፣ የልብስ እጥፋት፣ ፊት ላይ የሚያርፍ ጥቁር ጥላ አላቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ማንቀሳቀስ እጅግ አድካሚ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አይንቀሳቀስም። ውብ ሆኖ ይቆማል። ፊልሙን ድምፁን ዘግቶ ያየ ሰው የሚያገኘው በጥንቃቄ የተሣሉ የቆሙ ሥዕሎች ቅደም ተከተል ነው፤ ጥሩ የመጽሐፍ ገጾች እንደማገላበጥ ያለ። ድምፁን ሲከፍተው ግን ሥዕሉ ይሮጣል። የሚያስሮጠው ከርቲን ነው። ብራድሊ ሥዕሉን ይከተል ነበር፤ ከርቲን ሥዕሉን በጀርባው ተሸክሞ ይሄዳል።

ከርቲን ለዚህ ሸክም የተዘጋጀው ባልተከበረ ትምህርት ቤት ነው። በ1922 በካሊፎርኒያ ተወለደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገለገለ፤ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማረ። ከዚያ በኋላ እንጀራው የማስታወቂያ ዜማ ነበር። የማስታወቂያ ዜማ የሚጽፍ ሰው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መጀመር፣ ማሳመንና መጨረስ አለበት፤ መቅድም የለውም። ከሃናና ባርቤራ ጋር ያገናኘውም አንድ የማስታወቂያ ሥራ ነው። በ1957 ለመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሥራቸው ግጥሙን በስልክ አነበቡለት፤ እርሱም ጥቂት ቆይቶ ዜማውን በስልክ ዘመረላቸው ይባላል። ከዚያ በኋላ የ«ፍሊንትስቶንስ»ን፣ የ«ጄትሰንስ»ን፣ የሌሎችንም መለያ ዜማ ጻፈ። በነዚያ ሁሉ ዘማሪዎች የባለ ታሪኩን ስም ይጠራሉ፤ ሕፃኑ ዘፈኑን ይዞ ይተኛል። በ«ጆኒ ክዌስት» መክፈቻ ግን የሚዘምር ሰው የለም። ቃል አልተሰጠውም። ናስና ከበሮ ብቻ ነው፤ ምናልባት ከዘፈኖቹ ሁሉ ይልቅ ያረጀ የማይመስለው ስለዚህ ይሆናል።

ጃዝ በጊዜው በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንግዳ አልነበረም። በ1958 ሄንሪ ማንቺኒ ለ«ፒተር ገን» የጻፈው ሙዚቃ መንገዱን ከፍቶ ነበር፤ የዚያ ፊልም ሙዚቃ ሸክላ በ1959 በመጀመሪያው የግራሚ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሏል። በ1962 የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ ፊልም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጨለማ መንገድ፣ ሽጉጥ፣ የሚያሳድድና የሚሳደድ ሰው በታየ ቁጥር ሳክስፎንና ናስ ከሥሩ ይገባሉ። ከርቲን የዚህን ልማድ ልብስ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አስተካክሎ ሰፋለት። ልብሱን አላሳጠረውም። ሕፃናት ናቸውና ትንሽ ይበቃቸዋል ሳይል ለአዋቂ የሚሰጠውን ሰጣቸው፤ ከሥራው ሁሉ የሚያስመሰግነውም ይህ ነው። ለሕፃናት የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ይህን ፈተና ያውቀዋል፤ ቁንጥንጥ ተመልካች ነው ብሎ ድርሰቱን የሚያቀል ብዙ ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሙዚቃው ለእያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የተጻፈ ይመስለዋልና። በየሳምንቱ ለሚወጣ ሥራ ያን ማድረግ የሚቻል አልነበረም። የሙዚቃ ደራሲው አጫጭር ቁርጥራጮችን ይጽፋል፤ ለማሳደድ አንድ፣ ለምሥጢር አንድ፣ ለባሕር፣ ለበረሃ፣ ለሌሊት፣ ለድንጋጤ። ጓዱ ይሰበሰብና በአንድ ቀጠሮ ብዙ ቁርጥራጮች ይቀረፃሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው የሙዚቃ አራሚው ነው። በመቀስና በማጣበቂያ ይዞ ከዚህ ስምንት ሴኮንድ፣ ከዚያ አሥራ አምስት እየቆረጠ በሥዕሉ ሥር ያነጥፈዋል። በአንድ ክፍል ለሸረሪቱ ሮቦት የገባችው ዜማ በሌላው ለመርከብ ትገባለች። ይህ ለደራሲው መራራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የከርቲን ቁርጥራጮች ለመቆረጥ የተሠሩ ናቸው፤ የማስታወቂያ ቤት ልጅ ነውና እያንዳንዱ ሐረግ ብቻውን ቢቀር እንኳ ራስና እግር አለው። መቀሱ በየትም በኩል ቢያልፍ ደም አይፈስም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር መድረስ ግድ ነው።

ከሃያ ስድስቱ ክፍሎች አንዱ በአማዞን ጫካ የሚሆን ነው። ፖ-ሆ የተባሉ ምናባዊ ሰዎች አንድ ነጭ ሳይንቲስት ይማርካሉ። ሬስ ባነን አካሉን በእንጆሪ መሰል ፍሬ ወይን ጠጅ አስመስሎ ቀብቶ የውኃ አምላካቸው ነኝ ብሎ ይመጣል፤ እነርሱም ያምናሉ፤ ይሰግዳሉ። የጫካው ሰዎች ከመጮኽና ከመፍራት በቀር ሥራ አልተሰጣቸውም። ይህ አንዱ ብቻ ቢሆን የዘመኑ ድንቁርና ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። የባሰው በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ የሚታየው ነው። ዋይልዲ መጀመሪያ የታዘዘው «ጃክ አርምስትሮንግ» የተባለውን የድሮ የሬድዮ ጀብዱ ወደ ሥዕል ፊልም እንዲለውጥ ነበር፤ የባለ መብቶቹ ስምምነት ሲቀር ሥራውን ለውጦ «ጆኒ ክዌስት»ን ፈጠረ። ለሙከራ የተሠራው ቁራጭ ግን አልተጣለም። በቁራጩ ውስጥ ጦር የያዙ አፍሪካውያን ነጮቹን ያሳድዳሉ፤ ነጮቹም በአየር ትራስ ላይ በምትንሳፈፍ ተሽከርካሪ ያመልጣሉ። ይህ ቁራጭ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር በሚያልፍበት መዝጊያ ውስጥ ገባ። ስለዚህ በአማዞን ቢሆን፣ በበረዶ አገር ቢሆን፣ በካልካታ ቢሆን፣ ታሪኩ ሁሉ የሚያልቀው በሚያሳድዱ አፍሪካውያን ነበር። ከሥሩ የሚሮጠውም ያ የስድስቱ ትሮምቦን ዜማ ነው።

ይህን አይቶ ዝም ማለት አይቻልም። ጃዝ ከየት መጣ? ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በኒው ኦርሊንስ፣ በካንሳስ ሲቲ፣ በቺካጎ፣ በሃርለም የሠሩት ነው። የናሱ አጮኋኋም ሆነ የምቱ አነካከስ ከእነርሱ ቤት የወጣ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ ጥቁር ሙዚቀኞች እስከ 1953 ድረስ ከነጮቹ በተለየ የሙዚቀኞች ማኅበር ውስጥ ነበሩ፤ የጥቁሮቹ 767ኛው፣ የነጮቹ 47ኛው ቅርንጫፍ ይባል ነበር። ለፊልም ቤቶች ሥራ ቀረብ የሚለው የነጮቹ ነበር። ሁለቱ ማኅበራት የተዋሐዱት ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ታግለው ነው። ዱክ ኤሊንግተን በ1959 ለአንድ ታላቅ ፊልም ሙሉ ሙዚቃ ሲጽፍ ነገሩ እንደ ብርቅ የታየው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ በዚያው ከተማ፣ ውሕደቱ በሆነ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ የእነዚያ ሰዎች ሙዚቃ የእነዚያኑ ሰዎች ወገን ጦር ይዞ ለሚያሳድድ አውሬ አድርጎ ለሚያሳይ ሥዕል ማጀቢያ ሆነ። ሕፃኑ ዜማውን ወደደ፤ ሥዕሉም ከዜማው ጋር ገባ። ስብከት ቢሆን ጆሮውን ይደፍን ነበር፤ ይህ ግን የጣፈጠ ነገር ነው።

ከርቲን ጥፋተኛ ነው? ፍርዱ ቀላል አይደለም። ሙዚቃው በቁርጥራጭ እየታነጠፈ በሚሠራበት ቤት ደራሲው በየትኛው ሥዕል ሥር እንደሚውል ሁልጊዜ አይወስንም። አዝማሪም «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም ይቀበላል፤ ግጥሙ አንዱን የሚያቆስል ሲሆን ማሲንቆውን የሚወቅስ የለም። ነገር ግን ጎበዝ አዝማሪ ቃሉን አለዝቦ የሚያዞርበት ጊዜ አለ፤ ቁስሉን አይቶ። በመዝጊያው ላይ እንዲህ ያለ ማለዘብ የለም። ዜማው በኃይል ይሮጣል፤ ማን እንደሚሮጥ፣ ማን እንደሚያሳድድ አይጠይቅም። ዝርዝሩ ውስጥ የደራሲው ስም የሙዚቃ መሪ ተብሎ ያልፋል። ምናልባት ትክክለኛው ነገር ሁለቱንም አለመሸሸግ ነው፤ ዜማው ድንቅ ነው፤ የዋለበት ቦታ አሳፋሪ ነው። አንዱን ለማዳን ሌላውን መካድ አያስፈልግም። ሥዕሉን አስወግዶ ሙዚቃውን ብቻ በዲስክ የሚሰማ ሰው፣ ኋላም እንዲህ ታትሞ ወጥቷልና፣ ንጹሕ ነገር የያዘ ይመስለዋል፤ ግን ያንን ማሳደድ ያየ ሰው ከናሱ ኋላ የእግር ኮቴ መስማቱን አያቆምም።

የጀብዱ ሥዕልና የጃዝ ጋብቻ በአሜሪካ ብዙ አልቆየም። በ1970ዎቹ የቅዳሜ ጧት ፊልሞች ወደ ሌላ ዓይነት ዘፈን ዞሩ። ከርቲን ራሱ ግን አንድ የሚያስገርም ሥራ አጋጠመው፤ በ1978 «ጋቻማን» የተባለው የጃፓን ተከታታይ ለአሜሪካ ሕፃናት «የፕላኔቶች ጦርነት» ተብሎ ሲለወጥ ሙዚቃ እንዲጽፍለት ለእርሱ ተሰጠው። የጃፓን ሥዕል ወደ ካሊፎርኒያ መጥቶ የካሊፎርኒያ ናስ ለበሰ።

በዚያው ጊዜ ጃፓን የራሷን አግኝታ ነበር። «ሉፓን ሣልሳዊ» የተባለው የሌባ ጀብዱ ከ1971 እስከ 1972 በተሠራው የመጀመሪያ ተከታታዩ የታኬኦ ያማሺታ ሙዚቃ ነበረው። በ1977 ሁለተኛው ተከታታይ ሲጀመር ሥራው ለጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ለዩጂ ኦኖ ተሰጠ። ተከታታዩ እስከ 1980 ድረስ 155 ክፍሎች ሄደ። ኦኖ መለያ ዜማውን አንድ ጊዜ ጽፎ አልተወውም፤ ተከታታዩ ሳያልቅ ደጋግሞ ልብሱን ለወጠለት፤ አንዴ በመሣሪያ ብቻ፣ አንዴ ከዘፋኝ ጋር። የጃዝ ሰው እንዲህ ነው፤ ዜማ ለእርሱ ያለቀ ዕቃ ሳይሆን የሚነሣበት መንደር ነው። የከርቲን ዜማ የሚጣደፍ ሲሆን የኦኖ ይዝናናል፤ ፖሊስ ከኋላ እያለ ክራቫቱን የሚያስተካክል ሌባ ነው።

ከሁሉ ርቆ የሄደው ግን በ1998 የወጣው «ካውቦይ ቢቦፕ» ነው። ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ዋታናቤ፣ የሙዚቃ ደራሲዋ ዮኮ ካኖ፣ ጓዷ «ሲትቤልትስ» ይባላል። ክፍሎቹ ሃያ ስድስት ናቸው፤ ያው የ«ጆኒ ክዌስት» ቁጥር። እያንዳንዱ ክፍል «ሴሽን» ይባላል፤ ሙዚቀኞች ለመጫወት ሲሰበሰቡ እንደሚሉት። ካኖ ሥዕሉን ጠብቃ አልጻፈችም። ያልታዘዘችውን እየጻፈች ታመጣ ነበር፤ ዋታናቤም ሙዚቃውን ሰምቶ ከሙዚቃው ትዕይንት ያወጣ እንደ ነበር ተናግሯል። ብራድሊ ሥዕሉን ተከትሎ በሄደበት መንገድ ሥዕሉ ሙዚቃውን ተከትሎ ተመለሰ።

የ«ካውቦይ ቢቦፕ» መክፈቻ «ታንክ» የተባለው ዜማ ነው፤ ከርቲንን የሚያውቅ ጆሮ ዘመዱን ይለየዋል። ናሱ ያው ናስ ነው፤ ጥድፊያው ያው ነው። ጥላ የሆኑ ሰዎች ይሮጣሉ፤ ቀለም በቀለም ላይ ይወድቃል። ዐይን በጥድፊያው ውስጥ የማያነባቸው ጥቃቅን ፊደላት ደግሞ በሥዕሉ ላይ ተጽፈው ያልፋሉ። ምስሉን አቁሞ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ይህን ነው፤ በ1941 በኒው ዮርክ፣ በሃርለም፣ «ሚንተንስ ፕሌይሃውስ» በተባለ ክበብ ውስጥ በየሌሊቱ እየተሰበሰቡ ስለ ተጫወቱ፣ በቆየው የጃዝ ወግ ስለ ተሰላቹና እንደ ወደዱ ለመጫወት ስለ ፈለጉ ወጣት ሙዚቀኞች ይናገራል፤ በመጨረሻም አዲስ ዓይነት ሙዚቃ እንደ ፈጠሩ። ቴሎኒየስ ሞንክ ፒያኖ ይመታ የነበረበት፣ ኬኒ ክላርክ ከበሮ ይዞ የተቀመጠበት፣ ቢቦፕ የተወለደበት ክበብ ነው። ከዚያ ጽሑፉ ወደ 2071 ይዘልና ስለ ጠፈር አዳኞቹ ይቀጥላል።

በሎስ አንጀለስና በሃርለም መካከል ያለው ርቀት ከቶኪዮ ይልቅ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ባለቤቶቹን በመክፈቻው ላይ የጻፈው የቶኪዮው ፊልም ሆነ። ተመልካቹ አላነበበውም ይባል ይሆናል፤ በዚያ ፍጥነት ማን ያነባል? ግን አልተደበቀም። ምስሉን ያቆመ ያገኘዋል።

ሆይት ከርቲን በዲሴምበር 2000 አረፈ፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ሰዎች ስለ «ጆኒ ክዌስት» ሲጠይቁት ደጋግሞ የሚያነሣው የተጫዋቾቹን ነገር ነበር፤ እንዴት ያለ ጓድ እንደ ነበረ፣ ኖታው እንዴት እንዳስቸገራቸው። ስለ ፖ-ሆ ሰዎችና ስለ ጦረኞቹ ያለው ነገር አይታወስም። የፊልሙን መዝጊያ ዛሬ ያየ ሰው ዝርዝሩን ያነባል፤ ሠዓሊዎች፣ የታሪክ ጸሐፊዎች፣ ድምፅ የሰጡ ተዋንያን፣ አራሚዎች፣ የሙዚቃ መሪው። የስድስቱ ትሮምቦን ተጫዋቾች ስም የለም። ተሽከርካሪዋ ትሸሻለች፤ ጦሮቹ ይወረወራሉ፤ ክንዶቹ ከአንደኛው ማረፊያ ወደ ስድስተኛው፣ ከስድስተኛው ወደ ሁለተኛው ይመላለሳሉ።